«ባአል ሼም»ን ለአዳራሽ ማዘጋጀት፦ የቫዮሊንና የፒያኖ የሥራ ማስታወሻ

ዕቅድና ኖታ

እስራኤል ውስጥ፣ ኔታንያ ከተማ፣ በሰፈራችን ማትናስ (የማኅበረሰብ ማዕከል) አዳራሽ የግማሽ ሰዓት ያህል የሙዚቃ ምሽት ልናዘጋጅ ነው። አንድ ቫዮሊን፣ አንድ ፒያኖ፣ ከአይሁድ ጸሎትና ዜማ የተነሡ ክላሲካል ሥራዎች ብቻ። ቫዮሊኑን የምጫወተው እኔ ነኝ፤ ፒያኖውን የሥራ ባልደረባዬ ትይዛለች። የሁለታችንም እንጀራ ሌላ ሙያ ስለሆነ ልምምዱ ከሥራ መልስና ዓርብ ጠዋት ላይ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን የምጽፋቸው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዋናው ሥራ የኧርነስት ብሎክ «ባአል ሼም» ነው። ብሎክ በ1880 ጄኔቭ ተወለደ፤ ይህን ሥራ በ1923 ሲጽፍ አሜሪካ ውስጥ የክሊቭላንድ የሙዚቃ ኢንስቲትዩት ዳይሬክተር ነበር። መታሰቢያነቱን ለእናቱ ሰጠው። ሦስት ክፍል አለው፦ «ቪዱይ» ማለትም ኑዛዜ፣ «ኒጉን» ማለትም የሐሲዶች (በምሥራቅ አውሮፓ የተነሣ የአይሁድ መንፈሳዊ እንቅስቃሴ ተከታዮች) ዜማ፣ «ሲምሓት ቶራ» ማለትም የኦሪት የደስታ በዓል። ከእርሱ በፊት ሦስት አጫጭር ሥራዎች አስገባን፦ የዮሴፍ አክሮን «የዕብራይስጥ ዜማ»፣ የሞሪስ ራቬል «ካዲሽ» (የሐዘንተኛ ጸሎት)፣ የፓውል ቤን ሃይም የስፋራዶች (የዘር ሐረጋቸው ከስፔን የሆነ አይሁድ) እሹሩሩ።

የማክስ ብሩክ «ኮል ኒድሬ» (በስርየት ቀን ዋዜማ የሚደረስ ጸሎት) በመጀመሪያው ዝርዝር ላይ ነበር፤ ሞክረነው አወጣነው። ብሩክ በ1880 የጻፈው ለቼሎና ለኦርኬስትራ ነው። የቫዮሊን ቅጂም አለው፤ ነገር ግን ዜማው ወደ ቫዮሊን ሲወጣ ያ ከደረት የሚመጣ የልመና ድምፅ ይሳሳል። በሁለተኛው ክፍል ሃርፑ የሚሠራውን በፒያኖ መተካትም አልሆነልንም። ቼሎ የሚጫወት ሰው እስኪገኝ ይቆይ።

ኖታ መሰብሰብ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። በእስራኤል ሕግ የደራሲው መብት ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይጠበቃል። አክሮን በ1943፣ ራቬል በ1937 ስለሞቱ የሁለቱን ኖታ በነፃ አወረድን። ብሎክ ያረፈው በ1959 ነው። በ1924 የታተመው ኖታው አሜሪካ ውስጥ ነፃ ቢሆንም እዚህ እስከ 2029 መጨረሻ በመብት ሥር ነው፤ ስለዚህ ገዛነው። ቤን ሃይም በ1984 ስለሞተ የእርሱም ይገዛል። «ካዲሽ» ትንሽ ይለያል። ራቬል የጻፈው ለድምፅና ለፒያኖ ነው፤ ቫዮሊነኞች የሚጠቀሙበትን ቅጂ ያዘጋጀው ሉሲየን ጋርባን በ1959 ስለሞተ ያ ቅጂ ገና ነፃ አይደለም። የድምፁን ኖታ ወስደን የራሳችንን ቅጂ ለመሥራት ወሰንን። ለሕዝብ የማቅረቡን ፈቃድ በተመለከተ ማትናሱ አኩም ከሚባለው የደራሲዎች መብት ማኅበር ጋር ውል ስላለው የእኛ ድርሻ የሥራዎቹን ዝርዝር አስቀድሞ መስጠት ብቻ ነው።

ወጪ፦ ብሎክ 150 ሸቀል፣ ቤን ሃይም 95፣ ማተሚያና ካርቶን 60።

ክርና ደጋን

«ኒጉን» በወፍራሙ የጂ ክር ላይ ወደ ላይ እየወጡ የሚጫወቱት ክፍል አለው። እጅ ክሮቹ ወደሚያርፉበት እንጨት፣ ወደ ብርኩማው፣ በቀረበ ቁጥር የእኔ ቫዮሊን ድምፁ እየታፈነ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ያጉረመርማል፤ ኖታው ሳይቆም ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ወፈር ያለ የጂ ክር ገጠምሁ። ባዶውን ሲመቱት ደኅና ጮኸ፤ ወደ ላይ ሲወጡ ግን ደጋኑ ነክቶት ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ ይዘገያል፤ ፈጣኑ ሩጫ ላይ ጨርሶ አይደርስም። አወጣሁት።

ቀጥሎ ቫዮሊን ጠጋኝ ዘንድ ወሰድሁት። ሰውየው ከጎን አየና ብርኩማው ወደ ጣት ሰሌዳው መዝመሙን አሳየኝ። ክር በተቃኘ ቁጥር ብርኩማውን በጥቂት በጥቂቱ ስለሚጎትተው በየጊዜው መታየት አለበት። አቀናው። ከዚያ በቫዮሊኑ ሆድ ውስጥ የቆመችውን ትንሽ የእንጨት ምሰሶ በጠማማ ብረት ገፋ አደረጋት። የገፋት የአንድ ሚሊ ሜትር ክፋይ ያህል እንኳን አይሆንም፤ የጂ ክሩ ግን ወዲያው ተከፈተ። ማጉረምረሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ ወደ ጎን ተሸሽቶ ከምፈልጋቸው ኖታዎች መካከል ወጣ። ያ በቂ ነው። ለዚህ 150 ሸቀል፣ መካከለኛ ውፍረት ላለው የሰው ሠራሽ ክር ሙሉ ስብስብ 310፣ የደጋን ጭራ ለማስቀየር 280 ከፈልሁ።

ባሕሩ ቅርብ ነው፤ እርጥበቱ መቃኛዎቹን ያሳብጣል። በማግሥቱ ደረቁ የምሥራቅ ነፋስ ሲነፍስ ደግሞ ይሟሽሻሉና ክሩ በልምምድ መሐል ይላላል። ጠመኔና ደረቅ ሳሙና መቀባት ይሠራል፦ ሳሙናው እንዲዞር፣ ጠመኔው እንዲይዝ። የደጋኑ ጭራ የሚቀባው ጥቁሩ ለስላሳ ሙጫ በሙቀት ስለሚጣበቅ ወደ ነጣ ወዳለውና ጠንከር ወዳለው ቀየርሁ።

«ካዲሽ» ከድምፅ ወደ ቫዮሊን

የድምፁን መስመር ሙዝስኮር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ጻፍሁት። ዜማው በ1914 ፓሪስ ላይ ሲቀርብ የዘመረችው ሶፕራኖ (ከፍተኛው የሴት) ድምፅ ያላት አልቪና አልቪ ነበረች፤ ፒያኖውን የተጫወተው ራሱ ራቬል ነው። ለሴት ድምፅ ስለተጻፈ ለቫዮሊን በቀጥታ ይመቻል። ለመክፈቻው ድምፁ እንዲከብድ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ለማድረግ ሞከርሁ፤ የሐረጎቹ ጫፍ ቫዮሊን ከማይወርድበት ከባዶው ጂ በታች ይወድቃል። ጥቂቱን ዝቅ፣ ጥቂቱን ከፍ ማድረግ ደግሞ ዜማውን መቁረጥ ነው። ራቬል በጻፈው ከፍታ ተውነው።

ትልቁ ጥያቄ ደጋኑ ነበር። ኖታው ለዘማሪ ስለሆነ የደጋን ምልክት የለበትም። በመጀመሪያው ቅጂ ደጋኑን በምት ከፋፈልሁት፦ በየሁለት ምቱ አንድ ጊዜ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ወደ ላይ። ለእጅ ይመቻል፤ ዜማው ግን የትምህርት ቤት መልመጃ መሰለ። ቤት ውስጥ ስለማመድ አባቴ ከሳሎን ሰምቶ መጣ። አባቴ ኖታ አያነብም፤ ምኩራብ ስለሚሄድ ግን ካዲሽን በቃሉ ያውቀዋል። ሰኔ ወይም ጥቅምት ሳይል ለዘመድ ሁሉ የሚያደርሰው ጸሎት ነው።

«ልጄ፣ ቃሉን ሳትጨርስ ለምን ታቋርጠዋለህ?» አለኝ።

ዕርምቱ ትክክል ነበር። ኖታውን እንደገና ከፈትሁና ከእያንዳንዱ ድምፅ በታች የአራማይኩን ቃል በክፍለ ቃል ጻፍሁ፦ ይት፣ ጋ፣ ዳል፤ ቬ፣ ይት፣ ካ፣ ዳሽ። ራቬል አንዱን ክፍለ ቃል በብዙ ኖታ ላይ ያዘረጋዋል፤ ምኩራብ ውስጥ መሪው እንደሚያደርገው። አሁን ሕጋችን ይህ ሆነ፦ አንድ ክፍለ ቃል አንድ ደጋን። ዝርግቱ ከደጋኑ ርዝመት በላይ ሲሆን መቀየሪያው ዜማው በሚዞርበት ኖታ ላይ ይሆናል፤ በቃልና በቃል መካከል ደግሞ ደጋኑ ከክሩ ሳይነሣ ትንሽ ይተነፍሳል። በሁለተኛው ቅጂ ምልክቶቹ ለዓይን የተዘበራረቁ ናቸው፤ አንዱ ደጋን አጭር፣ ቀጣዩ እጅግ ረጅም። ጆሮ ግን የሚሰማው ንግግር ነው።

የቃሉ ትርጉምም አጨዋወቱን ወሰነው። ካዲሽ ሐዘንተኛ የሚያደርሰው ጸሎት ቢሆንም በውስጡ ሞት የሚል ቃል የለም፤ አብዛኛው የፈጣሪ ስም ከፍ ይበል፣ ይቀደስ የሚል ምስጋና ነው። ስለዚህ የሚያለቅስ ንዝረት፣ ከኖታ ወደ ኖታ መንሸራተት፣ ይህን ሁሉ አወጣሁ። የፒያኖው ክፍል በመጀመሪያ በጣም ጥቂት ነገር ብቻ ነው የሚናገረው፤ ባልደረባዬ ፔዳሉን ለመሙያ እንዳትጠቀምበት ተስማማን። ባዶው ቦታ የተጻፈ ነው።

አምባሰልና ኤፍ ሻርፕ

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ከሥራው ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ይህ ነው።

በምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ዜማ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚመጣ፣ ፍሬይጊሽ የሚባል ቅኝት አለ። ከዲ ሲጀመር፦ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ። ሰው ሁሉ «ይህ የአይሁድ ዜማ ነው» ብሎ የሚለየው ከኢ ፍላት ወደ ኤፍ ሻርፕ ያለውን ሰፊ ዝላይ ነው። የእኔ ጣቶች ይህን ዝላይ በትክክል አያገኙትም ነበር፤ ኤፍ ሻርፑ አንዳንዴ ይዘቅጣል፣ አንዳንዴ ከጂ ጋር ይጣበቃል።

ቅኝቱን ወረቀት ላይ ጽፌ ሳየው አምባሰል ውስጡ ተቀምጧል። አምባሰል ከዲ ሲጀመር ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት ነው፤ አምስቱም በፍሬይጊሽ ውስጥ አሉ። የጎደሉት ኤፍ ሻርፕና ሲ ብቻ ናቸው። አምባሰልን ከልጅነቴ ጀምሮ በጆሮዬ ስለማውቀው ከኢ ፍላት ወደ ጂ የሚደረገው ዝላይ አያስቸግረኝም። መልመጃውን ከዚያ ሠራሁት፦ ፒያኖው ዲ እና ኤ ብቻ ይይዛል፤ እኔ አምባሰልን ወደ ላይና ወደ ታች እጫወታለሁ፤ አምስቱ ኖታዎች ሲረጉ ኤፍ ሻርፕን ከላይ፣ ከጂ ወደ ታች፣ አስገባዋለሁ። ከታች ከኢ ፍላት ዘልሎ መፈለግ ሳይሆን ከጂ መውረድ ነው መፍትሔው። ሲን ማስገባት ቀላል ነው።

የቀረው ከፒያኖ ጋር መስማማት ነበር። ቫዮሊነኛ ብቻውን ሲሆን ኢ ፍላትን ወደ ዲ ያስጠጋል፣ ኤፍ ሻርፕን ወደ ጂ ይገፋል፤ ዝላዩ ይሰፋል። በፒያኖ ላይ ግን ያ ርቀት 300 ሴንት ነው (አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው)፤ «ትንሽ ሦስተኛ» ከሚባለው ከተለመደው ርቀት አይለይም። ስልኬ ላይ ቀርጬ ሳዳምጥ ፒያኖው ያንኑ ኖታ በያዘበት ሁሉ እንጋጫለን። በኖታው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግን፦ ፒያኖው ተመሳሳዩን ኖታ ከያዘ የፒያኖውን እከተላለሁ፤ ፒያኖው ዝም ካለ ወይም ሌላ ኮርድ ላይ ከሆነ ዝላዩን አሰፋለሁ። ሁለት የእርሳስ ቀለም በቂ ነው።

ፒያኖው

የማትናሱ ፒያኖ ቋሚው ዓይነት ነው፤ ከግድግዳ ተጣብቆ ለዓመታት ቆይቷል። ኤ የሚለውን ኖታ ስለካው ከ440 ኸርትዝ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ቫዮሊኑን ወደ ፒያኖው ማውረድ ቀላሉ መንገድ ስለነበር መጀመሪያ እርሱን ሞከርን፤ አዲሶቹ ክሮች ላልተው ደመቅ ያለው ድምፅ ጠፋ። ቃኚ ተጠራ። ብዙ የወረደ ፒያኖ በአንድ ጊዜ ከፍ ሲደረግ መልሶ ስለሚወርድ ሁለት ጊዜ ዞረበት፤ 420 ሸቀል፤ ግማሹን ማትናሱ ለመክፈል ፈለገ፤ ሕፃናቱ የሚማሩበት ስለሆነ ገንዘቡ ለእነርሱ ኖታ ይዋል ብለን እኛ ከፈልነው።

የብሎክ የፒያኖ ክፍል ኦርኬስትራን ያሰበ ነው፤ በ1939 ራሱ ለኦርኬስትራ አዘጋጅቶታል። በግራ እጅ ያሉት ከባድ ኮርዶች በቋሚ ፒያኖ ላይ ይደበላለቃሉ። ፒያኖውን ከግድግዳው በክንድ ርዝመት አራቅነው፤ ከኋላው ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀልን፤ ክዳኑን ከፈትን። ብርድ ልብሱ ከመጠን በላይ ስለዋጠው ወደ ግማሽ አጠፍነው። አሁን ዝቅተኛዎቹ ኖታዎች ተለይተው ይሰማሉ።

«ኒጉን»

ብሎክ የሕዝብ ዜማ ሰብሳቢ አልነበረም፤ የሚፈልገው የአይሁድን መንፈስ እንጂ የተሰበሰበ ዜማ አለመሆኑን ራሱ ተናግሯል። አክሮን ግን ሌላ መንገድ ነው የመጣው። በ1908 ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ የአይሁድ ሕዝብ ሙዚቃ ማኅበር ተቋቁሞ ነበር፤ አክሮን በ1911 ተቀላቀለው፤ በዚያው ዓመት የጻፈው «የዕብራይስጥ ዜማ»ም በልጅነቱ ዋርሶ ምኩራብ ውስጥ ከሰማው የተነሣ ነው። ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል፦ የአክሮን ሰው ሊዘምረው የሚችል ዜማ ነው፤ የብሎክ ደግሞ የሚጸልይ ሰው ሁኔታ ነው፤ ይጀምራል፣ ይጮኻል፣ ይሰበራል፣ ይመለሳል።

«ኒጉን»ን በሜትሮኖም (ምት መቁጠሪያ) ለመለማመድ ሞከርን። የኖታውን ርዝመት ለማወቅ ጠቀመ፤ ከዚያ በኋላ እንቅፋት ሆነ። ብሎክ በየቦታው ፍጥነቱን ይቀይራል፣ የሚጎተት፣ የሚቸኩል፣ የሚጫን ብሎ ምልክት ያኖራል። እንዳሻው የሚጫወቱት ይመስላል፤ ምልክቶቹን ስንከተል ግን ሩጫው የት ተጀምሮ የት እንደሚያርፍ በደንብ ተለክቷል። ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው አጭር ኖታ ተመትቶ ረጅም የሚከተልበት ምት ነው። አጭሩን ካለሰለሱት ሁሉም ነገር ወደ ስሜታዊ ዘፈን ይለወጣል። በደጋኑ ጫፍ ሞከርሁት፤ ሳሳ። በደጋኑ ሥር፣ ክሩን ቀድሞ ነክሶ መልቀቅ ሠራ።

ፒያኒስቷ እኔን መከተል አስቸገራት፤ ወደ ኖታዋ ማየትና ወደ ደጋኔ ማየት በአንድ ጊዜ አይሆንም። ትንፋሼን እንድትሰማ አደረግን፦ ከእያንዳንዱ ሐረግ በፊት በአፍንጫዬ ድምፅ አውጥቼ እተነፍሳለሁ፤ በእርሷ ኖታ ላይ እነዚያ ቦታዎች በክብ ተከበዋል። ተሰብሳቢው ቢሰማውም ግድ የለም፤ ጸሎት ያለ ትንፋሽ አይደረግም።

ቃል የሌላቸውን ዜማዎች ሰዎች እንዴት ይዘምሯቸው እንደነበር ለማወቅ የሙዚቃ ደራሲው ጆኤል ኤንግል ከጸሐፊው ከሽ. አን-ስኪ ጋር በ1912 ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ባሉት በቮሊንያና በፖዶልያ መንደሮች በሰም ሲሊንደር መቅረጽ ከጀመሩት ክምችት ያገኘሁትን አዳመጥሁ። ክምችቱ ኪየቭ በቬርናድስኪ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ሰሙ ይንሿሿል፤ ዘማሪዎቹ ግን ዜማውን አይጎትቱም፤ ወደ ፊት ይገፋሉ። የእኛን «ኒጉን» ያዘገየነው ታላቅነት ይመጣል ብለን ነበር። ፈጠን አደረግነው፤ ሐረጉ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ሆነ።

«ሲምሓት ቶራ»፣ አክሮን፣ ቤን ሃይም

«ሲምሓት ቶራ» ፈጣን ነው፤ ችግሩ ገጽ መገልበጥ ነበር። ኖታውን ፎቶ ኮፒ አድርገን በካርቶን ላይ ጎን ለጎን ለጠፍነው። ከዚያ ወዲያ የቀረው በዝግታ መለማመድ ብቻ ነው።

የአክሮን «የዕብራይስጥ ዜማ» ስመ ጥሩው ቫዮሊነኛ ያሻ ሃይፌትዝ አዘውትሮ ይጫወተው ስለነበር እርሱን የመምሰል ፈተና አለ። ለጊዜው ቅጂውን ማዳመጥ አቁሜያለሁ።

ቤን ሃይም ከሙኒክ በ1933 ወደዚህ አገር መጥቶ ከየመናውያን ወላጆች ከተወለደችው ዘፋኝ ከብራኻ ጸፊራ ጋር ሠራ፤ የምሥራቅ አይሁድን ዜማ በጆሮው የተማረው ከእርሷ ነው። እሹሩሩውን በማፈኛ (ብርኩማው ላይ የሚሰካ ድምፅ መቀነሻ) ሞከርሁት፤ ድምፁ ከፒያኖው ሥር ገባ። ማፈኛው ወጣ፤ ደጋኑን ወደ ጣት ሰሌዳው ማስጠጋት በቂ ልስላሴ ይሰጣል።

የመግለጫ ወረቀት

በዕብራይስጥና በአማርኛ አንድ ገጽ ጻፍን። የሚመጡት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ከጎንደርና ከትግራይ የመጡ ቤተ እስራኤል ናቸው። በወላጆቻችን ጸሎት ኮል ኒድሬም ሲምሓት ቶራም አልነበሩም፤ ሁለቱም ከኦሪት በኋላ በሌላ አገር የተሠሩ ሥርዓቶች ናቸው። የእኛዎቹ ቄሶች አስተሰርዮን (የስርየት ቀንን) በግዕዝ ዜማ፣ እየተቀባበሉ ነው የሚያደርሱት፤ ሰግድም ከእኛ ጋር መጥቶ በ2008 የአገሪቱ በዓል ሆነ። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ «የአይሁድ ሙዚቃ» ብለን በጅምላ አልጻፍንም። ለእያንዳንዱ ሥራ የማን ጸሎት እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ ጻፍን፤ ለ«ባአል ሼም» የፖዶልያ ሐሲዶች፣ ለእሹሩሩው ስፋራዶች። አንድ ቀን የግዕዙ ጸሎት ከቫዮሊንና ከፒያኖ ጋር ተጽፎ እንዲመጣ እፈልጋለሁ፤ ቄሶቹ ከፈቀዱ፣ ከእነርሱ ተጠይቆ፣ ዜማው ሳይታጠፍ።

ሙከራ ቀረጻ

በተዋስነው፣ ዙም በሚባል የድምፅ መቅረጫ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሙሉውን ቀረጽን። መቅረጫው ከፊት ረድፍ ሲሆን ፒያኖው ይውጠኛል፤ ከመካከለኛው ረድፍ ደኅና ነው። እኔ ከፒያኖው ጠርዝ ወደ ፊት ሁለት ርምጃ ወጥቼ፣ የቫዮሊኑን ሆድ ወደ ወንበሮቹ አዙሬ ስቆም ሚዛኑ ተስተካከለ። «ካዲሽ» ጥሩ ነው። «ቪዱይ» ላይ የመጨረሻዎቹ ሐረጎች ገና ይቸኩላሉ። «ኒጉን» ላይ ከፍተኛው ቦታ ኤፍ ሻርፑ እንደገና ወደ ጂ ተጠግቷል፤ ወደ አምባሰሉ መልመጃ ተመለስሁ።

ጠቅላላ ወጪ 1,465 ሸቀል፤ ከዚህ ውስጥ ለኖታና ለወረቀት የወጣው 305 ብቻ ነው፤ የቀረው ለክር፣ ለደጋን፣ ለቫዮሊን ጥገናና ለፒያኖው ነው። ለሚቀጥለው ፒያኒስቷ ብሎክ በ1951 የጻፈውን «የዕብራይስጥ ስዊት» ትፈልጋለች፤ እኔ የአክሮንን እሹሩሩ፣ ኦፐስ 35። የአክሮን ኖታ ነፃ ስለሆነ በእርሱ እንጀምራለን። የቫዮሊኑን ገጽ ዛሬ አትሜያለሁ፤ የጣት አቀማመጡ ገና አልተጻፈበትም።